ስምንት ትከሻ ለትርንጎ

ትርንጎ የሞተችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ባሏ እንዳሻው የአህያዋን ወሬ እያወራላት ሳለ ነው።

የአህያዋ ወሬ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሙቀት መከላከያ ፎም ሲነፋባቸው፣ ነፊዎቹ ቸኩለው ጥላ ስር የቆመች አሸዋ ጫኝ አህያ ከግድግዳው ጋር አብረው ነፏት። አህያዋም ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሳይነካት፣ ገለባ ሳትጠይቅ ግድግዳው ውስጥ ቆማ ከረመች። ግድግዳው ሲታደስ ደግሞ ጆሮዋን አራግፋ፣ ዋናውን መንገድ ይዛ ወደ ጌታዋ ቤት ሄደች። እንዳሻው ይህን ሠላሳ ጊዜ ያህል ነግሯታል። በተነገረ ቁጥር አህያዋ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ውስጥ እንዳለች ወልዳ ነበር፣ ያውም መንታ።

ትርንጎ አልሳቀችም። ይህ ብዙም አልከነከነውም። ፎም በተነፋ ቤት ሳቅ ከአፍ እንደወጣ ግድግዳው ይመጠዋል፤ ሰው ሳቀ አልሳቀ የሚታወቀው ትከሻው ሲነቃነቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ወሬ ጨመረላት፤ አንዱ ስለ ደቻቱ ወንዝ፣ ሌላው ስለ አንድ ጅብና ስለ አንድ ዳኛ። እራት ሊያቀርብ ተነስቶ እጇን ሲነካው፣ እጇ ልክ እንደ ቤቱ ሃያ ሁለት ዲግሪ ሆኗል።

እራቱን በላ። ሳህኑን አጠበ። ከዚያ ለቄሱ ደወለ፤ ቄሱም ፍትሐቱን በስልክ አደረሱ።

"ቀብሩ በአፈር ነው?" አሉ ሲጨርሱ።

"በአፈር ነው አባቴ።"

"ትከሻ አለህ?"

"ይገኛል።"

ቄሱ፣ "እንግዲህ እሷን ያሳርፋት" ብለው ዘጉ።

ሕጉ አጭር ነው። በአፈር የሚቀበር ሰው ስምንት ተሸካሚ ያስፈልገዋል፤ ባለ ሐዘኑ አይቆጠርም። እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ስምንት ካልሞላ ፎም የሚያስነፋው የሽፋን ጽሕፈት ቤት መኪና መጥቶ ይወስዳል። የተወሰደው ሰው ሣጥን በመሰለ ቅርጽ ውስጥ ይጋደማል፤ ፎም ይነፋበታል፤ በሩብ ሰዓት ይደርቃል፤ ቁጥር ተለጥፎበት ከሌሎቹ ላይ ይደረደራል። ንጹሕ ሥራ ነው። ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም። በከተማው ምሥራቅ የተሠሩት አዳዲስ ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳቸው ለምን እንደዚያ እንደወፈረ የሚያወራ አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው ግን ራሱ እንዳሻው ስለሆነ ወሬው ሩቅ አልሄደም።

ትርንጎ ግን ሰምታዋለች። "እኔን አፈር አልብሰኝ" ብላው ነበር። "የማላውቀው ሰው ሳሎን ግድግዳ ሆኜ፣ እነሱ ኳስ ሲያዩ እኔ ቆሜ አላመሽም።"

ነገሩ ይህ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ውጭው እኩለ ቀን ላይ ሃምሳ አራት ዲግሪ ይደርሳል፣ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሃያ ሁለት። በየዓመቱ መስከረም ላይ በየግድግዳው አንድ ጣት ፎም ይጨመራል። መስኮት ከተደፈነ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እንዳሻውና ትርንጎ ሲጋቡ አልጋቸው በግራም በቀኝም መውረጃ ነበረው፤ አሁን የሚወረደው በእግርጌ በኩል ብቻ ነው፤ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እሱ። በር በሳምንት ሁለት ጊዜ ይከፈታል። የወጣ ሰው ደግሞ ቢጸጸት፣ ቢጠማው፣ እናቱን ቢጠራ፣ በሩ እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተመልሶ አይከፈትለትም፤ ቅዝቃዜ ይባክናላ።

እንዳሻው ከዚህ ገደብ ነፃ ነው። የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

ዱሮ ጥሩንባ ነፊ መንገድ መሀል ቆሞ አንዴ ቢነፋ ሰፈር ሙሉ ይሰማ ነበር ይባላል። አሁን ደጃፍ ላይ መድፍ ቢተኮስ ውስጥ ያለው ሰው ሻዩን አያቋርጥም። የሞት መልእክት በስልክ መላክም ተሞክሮ ነበር፤ ስልኩ "ይህ መልእክት ሊያሳዝንዎ ይችላል" ብሎ ለመጪው ዓመት ያስቀምጠዋል። የቀረው አፍንጫ ነው። እያንዳንዱ ቤት ወደ ውጭ የወጣች አንዲት የአየር ቧንቧ አለችው፤ ሰው ሁሉ አፍንጫ ነው የሚላት። እንዳሻው ጥሩንባውን አፍንጫዋ ላይ ገጥሞ ይነፋል፤ ቀጥሎ አፉን አስጠግቶ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ ቀጥሎ ጆሮውን ይደቅናል። ውስጥ ያለው ሰው ቧንቧዋን በማንኪያ ይመታል። አንድ ምት "ነፍስ ይማር" ነው። ሁለት ምት "እመጣለሁ" ነው።

ሰፈሩ እንዳሻውን "ቀዳጁ" ይለዋል። ሻይ ቤት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ያልቀደደው ነገር የለም። በጥሩንባው ግን ዋሽቶ አያውቅም። አንዴም። ሰው ካፉ ላይ አንድ ንጹሕ ቦታ ይተዋል፤ የእሱ ጥሩንባው ላይ ነበር።

ዓርብ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው አፍንጫ ጀመረ።

"ስሙ! የእድራችን አባል ወይዘሮ ትርንጎ አበጋዝ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ አራት ሰዓት፣ በአፈር።"

"ባለቤቴ" የሚል ቃል በደንቡ ውስጥ ስለሌለ አልተናገረውም። ጆሮውን ደቀነ። ጣ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ጣ። ወደ ሦስተኛው። በሩ፣ አፍንጫው፣ ቁጥሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። ሃያኛው ላይ ድምፁ ሰለለ። አርባኛው ላይ የሟቿን ስም ሲጠራ እንደ ማንኛውም ስም ሆነበት። ጣ ይላል፣ ይሄዳል። ጣ ይላል፣ ይሄዳል። ስልሳ አራት አፍንጫ ጨርሶ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የመጣለት መልስ ስልሳ አራት ነፍስ ይማር ነው።

አልተናደደም። ማን በሩን ያባክናል። አንደኛዋ መከፈት ለውኃና ለአስቤዛ ናት፣ ሁለተኛዋ ለድንገተኛ በሽታ። ለሞተ ሰው የተመደበች የለችም።

ላቡን በጥሩንባው ማንጠልጠያ ጠረገና ሰማዩን አየ። ነጭ ነው፣ እንደ ሸክላ ሳህን። ትርንጎን በዚያ ቅርጽ ውስጥ አሰባት፤ አፏ ውስጥ ፎም ሲገባ። ሐሳቡ ምንም አላደረገውም፤ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሕመም ነው። ዝም ብሎ ተነሳ። ወደ ኢንጂነር ልዑልሰገድ አፍንጫ ሄዶ ነፋ።

"ማነው?" አለ ድምፅ ከቧንቧው ውስጥ።

"እንዳሻው ነኝ ኢንጂነር።"

"መልሼልሃለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ። ሌላ ጉዳይ ነው። የውጭ ግድግዳህ ተሰንጥቋል።"

"በየት በኩል?"

"በጀርባ። ክንዴ ይገባል። ቅዝቃዜው እየፈሰሰ ነው፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተሰብስቦ ሥሩ ተኝቷል። አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። አንዷ ብርድ ይዟት ታስነጥሳለች።"

"አሥራ አንድ ድመት።"

"ትንንሾቹን ሳልጨምር።"

ይኸው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህች ቧንቧ ያልገባ ውሸት ገባ። እንዳሻው አንድ ነገር ይሰማኛል ብሎ ጠበቀ፤ አልተሰማውም። ወደ ቀጣዩ ሄደ።

ቀጣዩ ሸሪፍ ነው፤ የእንዳሻው የጥንት የወሬ ጓደኛ፣ ስምንት ዓመት ሳይተያዩ ጎን ለጎን የኖሩ።

"ሸሪፎ፣ የአወዳይ የጫት መኪና እዚህ ማዞሪያው ላይ ተገልብጧል።"

"አቦ አንተ ቀዳጅ፣ ዛሬ እንኳ አታርፍም? ሚስትህ እኮ ነው የሞተችው።"

"ሞታለች። መኪናውም ተገልብጧል።"

"ጫት የሚባል ነገር መኪና ላይ የተጫነው መቼ ነው? በላስቲክ ታሽጎ መጥቶ የምናኝከውን ነው የምትለኝ?"

"ቅጠል ነው የምልህ። ከዛፍ የተቀነጠበ። ጤዛ አለበት።"

ሸሪፍ ቀስ ብሎ፣ "ግንዱ ቀይ ነው?" አለ።

"ቀይ ነው ወላሂ።"

"ጠብቀኝ።"

ሙሉመቤት ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ። ለእሷ ብዙ አልተናገረም። "ሙሌ፣ ደመና አለ" አላት።

"ምን ዓይነት?"

"ጥቁር። ከደቻቱ በላይ በኩል።"

"ነፋስ አለው?"

"አለው።"

"ባልዲ ልያዝ?"

እንዳሻው አፉን ከቧንቧዋ ራቅ አድርጎ ነጩን ሰማይ አየ። "ያዢ" አላት።

ከዚያ በኋላ እጁ ለመደ። ለጡረተኛው ባቡር ነጂ የአሮጌው ባቡር ፉጨት ከለገሃር በኩል መሰማቱን ነገረው። ለፎም ነፊው፣ ባልደረባው የእሱን ተራ ቀድሞ እየነፋ መሆኑን። በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ለሰባት ዓመት የተኳረፉትን ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው በየአፍንጫቸው፣ "ወንድምህ ውጭ ቆሞ፣ ፈሪ ነው አይወጣም እያለ ነው" አላቸው። ከሁሉ ፈጥነው የወጡት እነሱ ናቸው።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰባት ሰው ደጅ ቆሟል፤ ሰባት በር ከኋላቸው ተዘግቷል። ሙቀቱ አርባ ሁለት ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፍተው እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ሌላው እንደዚያ አርጅቷል ብሎ አልጠበቀም። ኢንጂነሩ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞሮ ተመለሰ።

"ስንጥቅ የለም" አለ።

"የለም" አለ እንዳሻው።

"ድመትም የለም።"

"ድመት ካየሁ ስድስት ዓመቴ ነው።"

ሸሪፍ ወደ ማዞሪያው አየ። ባዶ አስፋልት ነው። ሙሉመቤት ሰማዩን ቀና ብላ አይታ ባልዲዋን ገለበጠችና ላዩ ላይ ተቀመጠች። የተቆጣ ሰው የለም። ለመቆጣትም ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እሱን ከተዉት ቆይተዋል።

"ለምንድነው?" አለች ሙሉመቤት።

"ትርንጎን የሚሸከም ስምንት ሰው ያስፈልገኛል።"

"እኛ ሰባት ነን" አለ ኢንጂነሩ።

"አውቃለሁ።"

"ባንሸከምስ?"

"በራችሁ የሚከፈተው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እዚህ ከመቆም መቃብሩ ጋ ትንሽ የግንብ ጥላ አለ።"

የሸሪፍ ትከሻ ተነቃነቀ። "እየሳቀ ነበር መሰለኝ" አለ በኋላ ባቡር ነጂው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አላረጋገጠም። ገብተው ሣጥኑን ይዘው ወጡ። የእንዳሻው ቤት ኮሪደር ከዘንድሮው ፎም በኋላ ሣጥኑን የሚያሳልፈው በጎኑ ከተያዘ ብቻ ስለሆነ፣ ትርንጎ ከቤቷ በጎኗ ወጣች።

የሽፋን ጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ የመጣችው ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ረድኤት ትባላለች፤ ትሑት ልጅ ናት፤ የምትነዳት መኪና ድምፅ የላትም። ወርዳ እጅ ነሳች።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ።"

"አሜን ልጄ።"

በጣቷ ቆጠረች። "ሰባት ናቸው።"

"ስምንተኛው እየመጣ ነው።"

"ማን ይባላሉ? ልመዝግብ።"

እንዳሻው አፉን ከፈተ። ስም ማምጣት ለእሱ ምራቅ ከመዋጥ ይቀላል፤ ለአንዲት አህያ እንኳ አያት ቅድመ አያቷን ያወጣ ሰው ነው። አንድም ስም አልመጣም። አፉን ዘጋው።

"አሥር ደቂቃ አለ፣ አባባ" አለች ረድኤት። ድምፅዋ ላይ ክፋት አልነበረም። የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ ቅርጹን ወደ ውጭ ሳበችው። ልኩ ቀድሞ ተስተካክሏል፤ በጎኑ ላይ "ትርንጎ አበጋዝ" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ቁጥር አለ። ከውስጡ የሚወጣው ቅዝቃዜ ደስ ይል ስለነበር ሰባቱ ሰዎች ሳያውቁት አንድ አንድ እርምጃ ወደዚያ ቀረቡ።

ከኋለኛው ብሎክ ጥግ አንድ ሽማግሌ ብቅ ያሉት ያን ጊዜ ነው። አንድ እግራቸው ላይ ቡት፣ አንድ እግራቸው ላይ ሸበጥ አድርገዋል፤ ግድግዳ እየተደገፉ ይመጣሉ። አቶ ጨመዳ ናቸው፤ የስልሳ አንደኛው አፍንጫ ባለቤት።

"ይቅርታ" አሉ ሲደርሱ። "ጫማ ፍለጋ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልወጣሁም፤ ሁለተኛውን ባገኘው ደስ ባለኝ።"

ረድኤት፣ "ስምንት" አለችና ቅርጹን ወደ ውስጥ መለሰችው።

እንዳሻው ሽማግሌውን አተኩሮ አየ። "አቶ ጨመዳ፣ ለእርስዎ ምን ብዬ ነው የነገርኩዎት?"

"ትርንጎ ሞተች አልከኛ።"

"አንዴ ነው የመቱት።"

"ሁለቴ ነው የመታሁት ልጄ። ጆሮህን ቶሎ ነቀልከው።"

ሣጥኑ ተነሳ። መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው፤ ስምንቱ ቁመታቸው ስላልተካከለ ሣጥኑ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ሙሉመቤት በአንድ ትከሻዋ ሣጥን፣ በሌላ እጇ ባልዲ ይዛለች። እንዳሻው በጎን እየሄደ ስልሳ አራቱን ምቶች አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረ። ከአንደኛው ምት በኋላ ስንት ጊዜ ቆሞ ነበር? አላስታወሰም።

"እኔም ሁለቴ ነው የመታሁት" አለ ኢንጂነሩ ከሣጥኑ ሥር፣ ፊቱን ሳያዞር።

"ታዲያ ለምን ስለ ድመቱ እስክነግርህ አልወጣህም?"

"አራት ሰዓት አይደል ያልከው? በሁለት ሰዓት ወጥቼ ፀሐይ ላይ ምን ላድርግ?"

ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ፣ "እኔም" አለ። ሌላው አጠገቡ ስላለ ወዲያው፣ "እኔም" አለ።

"እኔ ግን ለጫቱ ነው የወጣሁት" አለ ሸሪፍ። "ምን ልዋሽህ።"

እንዳሻው ውሸትን በጠረኑ ያውቃል። የሚዋሽ ሰው የቃሉ ጫፍ ላይ ድምፁ በትንሹ ከፍ ይላል፤ ይህን ከራሱ ነው የተማረው። የእነዚህ ሰዎች ድምፅ ግን ለሃያ ዓመት ግድግዳ ሲመጠው ኖሮ ጫፍ የለውም፤ ኢንጂነሩም፣ ወንድማማቾቹም፣ አቶ ጨመዳም አንድ ዓይነት ናቸው። እያዘኑለት ይሁን እውነት እየነገሩት ሊለይ አልቻለም።

መቃብሩን የቆፈረው ማሽን ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ አፈሩ ከጎኑ ተከምሯል። ሣጥኑን አወረዱ። እንዳሻው ማሽኑ አፈሩን ይመልስ ብሎ ሲጠብቅ ረድኤት ሰሌዳዋን አውጥታ ቀረበች።

"አንድ ጥያቄ ቀርቷል፣ አባባ። በእድሩ ጥሪ የመጡ ሰዎች ብዛት።"

"ስምንት አየሽ አይደል?"

"መኖራቸውን አይቻለሁ። ይኼ ግን ስለ ቀብሩ ተነግሯቸው፣ አውቀው የመጡትን ነው። ሰው በሌላ ምክንያት እየወጣ በሩ እንዳይባክን ነው። ከስምንት ካነሰ በአፈር አይፈቀድም፤ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።" ሰሌዳው ላይ በጣቷ ጠቆመችው። "እርስዎ በጥሩንባ ነፊነትዎ ነው የሚፈርሙት።"

እንዳሻው ሰሌዳውን ተቀበለ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው። ሸሪፍ መሬት መሬት ያያል። እንዳሻው ስምንት ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበት። መለሰላት።

ረድኤት አየችው። ከዚያ አየቻቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዓይኗ ባልዲው ላይ ቆመ።

"እትዬ" አለች፣ "እርስዎ ምን ተብለው ነው የወጡት?"

ሙሉመቤት ባልዲውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። ሰማዩን አላየችም።

"ትርንጎ ሞተች ተብዬ" አለች።

"ባልዲውስ?"

"ለአፈር ነው። በእጄ እንድመልስላት።"

ድምፅዋ ልክ እንደ ሌሎቹ ጫፍ የሌለው ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ከእሷ ሌላ፣ ውሸት መሆኑን በእርግጥ የሚያውቀው እንዳሻው ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከሰማው ውሸት ሁሉ የሚበልጥ ውሸት ነበር፣ አጭርም ነው።

ረድኤት ሰሌዳውን ዘጋች። ሙሉመቤት ጎንበስ ብላ ባልዲዋን ከአፈሩ ሞላችና ጉድጓዱ አፍ ላይ ገለበጠችው።

አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲያርፍ ድምፅ ነበረው። ድው አለ፤ ከዚያ ጠጠሮቹ በእንጨቱ ላይ ተንከባለሉ፣ አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሰማል። ስምንቱም አንገታቸውን አስግገው ቆሙ። ኢንጂነሩ ጆሮውን በእጁ ከለለ። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሌላውን ሳያውቀው በክርኑ ነካው።

ማሽኑ ክንዱን አንስቶ የቀረውን አፈር ያፍሰው ጀመር።

"ልጄ" አሉ አቶ ጨመዳ፣ "ትንሽ ቀስ ይበል ማለት ይቻላል?"

ረድኤት ማሽኑን ቀስ አደረገችው። እንዳሻው ምንም ሳያወራ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጠ።